ፊዚዮዎች፣ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ

የዛሬው ጽሑፍ አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ላይ በኤጀንሲ ወይም በክሊኒክ በኩል ቤት ለቤት ለምትሠሩ ባለሙያዎች ነው። ረዘም ይላል፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የዛሬ ሁለት ዓመት አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ አንዲት እናት ጋ በሳምንት ሦስት ቀን እሄድ ነበር። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ይዟቸዋል። አንድ ቀን ትከሻቸው ላይ ሆት ፓክ አደረግሁ፤ ፎጣውን የደረብኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። «እማማ፣ አልበዛም?» ስላቸው «ኧረ ይመቻል ልጄ» አሉኝ። ያ ጎናቸው ሙቀት ይለይ እንደሆነ አስቀድሜ መፈተሽ ነበረብኝ፤ አልፈተሽኩም። ፓኩን ሳነሳው ቆዳቸው ቀልቷል። ማታ ልጃቸው ደወለችልኝ፦ «እህቴ፣ ውሃ ቋጥሯል።»

ወደ ላከኝ ድርጅት ደወልኩ። መልሱ አጭር ነበር፦ «አንቺ በፐርሰንት ነው የምትሠሪው፤ እኛን አይመለከትም።» የምከፈለው ከእያንዳንዱ ጉብኝት ድርሻ እንጂ ደመወዝ አልነበረም። የሕክምናውን ወጪ ከኪሴ ከፈልኩ። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር በመክፈሌ አልተከፋሁም። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ቁስሉ ከብዶ ቢሆን እኔ አቅም የለኝም፣ ድርጅቱም የለሁበትም ብሏል። እማማ ማንን ይጠይቃሉ?

ውሌን አውጥቼ ሳነብ «ባለሙያዋ ሥራውን በራሷ የሙያ ኃላፊነት ታከናውናለች» ይላል። ስፈርም ለሙያዬ የተሰጠ ክብር መስሎኝ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 3 ግን በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። ያቺ አንዲት መስመር ከሕጉ ጥላ አውጥታኝ ኖሯል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናምታታው ነገር አለ። «ኮንትራት» ሁሉ አንድ አይደለም። ለስድስት ወር ተቀጥራችሁ፣ በአሠሪ አመራር ሥር፣ በደመወዝ ከሠራችሁ ጊዜው ቢያጥርም ሠራተኛ ናችሁ። ጥሩ ምልክቱ ጡረታ ነው፦ ከእናንተ 7 በመቶ ተቀንሶ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። በፐርሰንት የምትሠሩ ከሆነና ይህ ከሌለ ጠርጥሩ።

ልዩነቱ የሚታየው ጉዳት ሲመጣ ነው።

1. በሕመምተኛው ላይ ጉዳት ሲደርስ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ ሳይጠብቅ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ተቀጣሪ ከሆናችሁ በቁጥር 2130 መሠረት አሠሪውም አብሮ ይጠየቃል። በራሳችሁ የቆማችሁ ከሆናችሁ ግን ቁጥር 2134 አሠሪውን ነፃ ያወጣዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሙያ ኃላፊነት መድን ነው። ስትገዙ ክሊኒክ ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ሕመምተኛው ቤትም ይሸፍናል ብላችሁ ጠይቁ። ፖሊሲው ካበቃ በኋላ የሚመጣ የካሳ ጥያቄስ? ሰው የሚከሰው በማግስቱ አይደለም።

2. በእናንተ ላይ ጉዳት ሲደርስ። ከባድ ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስታዞሩ ወገባችሁ ቢቀር፣ ሠራተኛ ከሆናችሁ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሕክምናውን ይሸፍናል፤ ከሥራ በምትቀሩበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ ለ6 ወራት 50 በመቶ ይከፈላል። ብዙ አሠሪዎች ለዚህ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን ይገባሉ። የፐርሰንት ሠራተኛ ከዚህ አንዱም የለውም። ስለዚህ የግል አደጋ መድን በራሳችሁ ስም ግቡ።

3. መንገድ። ከአዳማ በሞጆ፣ በቆቃ፣ በአለም ጤና አድርጎ መቂ ድረስ ለአንድ ሕመምተኛ የሚመላለስ ስንት ባልደረባ አለን! አሠሪው ያዘዘውን ሥራ ሲፈጽም ከመደበኛ ቦታው ውጭ የተጎዳ ሠራተኛ በአዋጁ ይሸፈናል። በፐርሰንት የምንሠራውን እኛን ግን ባጃጁም ሚኒባሱም ያለው የሶስተኛ ወገን መድን ብቻ ነው የሚጠብቀን፤ የእሱ ካሳ ደግሞ ጣሪያ አለው።

እርግጥ ውሉ ላይ የተጻፈው ስም የመጨረሻ ቃል አይደለም። ሰዓታችሁን፣ ዋጋችሁን፣ የምትሄዱበትን ቤት ድርጅቱ የሚወስን ከሆነ «በአመራሩ ሥር ነኝ» ብሎ መከራከር ይቻላል። ግን ክርክር ጊዜ ይወስዳል፤ የተጎዳ ሰው ደግሞ ጊዜ የለውም።

ለኤጀንሲና ለክሊኒክ ባለቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። ከእያንዳንዱ ጉብኝት ድርሻችሁን ትወስዳላችሁ፤ ሕመምተኛው በራችሁን ያንኳኳው የእናንተን ስም አምኖ ነው። ከገቢው ድርሻ ያለው ከአደጋውም ድርሻ ይኑረው። ባለሙያዎቻችሁን ሁሉ በአንድ የቡድን ፖሊሲ አስገቡ፤ ዓረቦኑን ብትካፈሉም ያግባባል።

እኔ አሁን አዲስ ውል ሲሰጠኝ ሦስት ነገር ሳላይ አልፈርምም፦ «በራሷ የሙያ ኃላፊነት» የሚል አለው ወይ? መድን የሚገባው ማን ነው? የፖሊሲው ቅጂ ይሰጠኛል ወይ? የማሳወቂያ ጊዜውንም አያለሁ፤ አደጋን ዘግይቶ መናገር ካሳ ሊያሳጣ ይችላል። ጉብኝቴን ሁሉ በቀንና በሰዓት እጽፋለሁ። ሆት ፓክ ከማድረጌ በፊት ደግሞ ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃ በያዙ ሁለት ጠርሙሶች ቆዳውን እፈትሻለሁ፤ መድን ጥንቃቄን አይተካም።

እማማ ቁስላቸው ድኗል። አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ «ልጄ፣ ሆን ብለሽ አይደለም» ነበር ያሉኝ። እሳቸው ምሕረት አደረጉልኝ። ነገር ግን ሕመምተኛ ስንጎዳው መካስ ያለበት መብቱ ስለሆነ ነው፤ የእሱ ደግነት የእኛን መድን ሊተካ አይገባም።

ለሥራ ባልደረቦቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።