«አእምሮዋ ታውኳል» በሚል የሐሰት ሰበብ ሴትን መዝጋት በወንጀል ያስጠይቃል

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 342 ከ2 ሺህ ያነሰ ነዋሪ ላለው የገጠር አካባቢ የተለየ ድንጋጌ አለው። በመደበኛው አሠራር አንድ ሰው እብደቱ የታወቀ ነው የሚባለው በአእምሮ ሕክምና ተቋም ተኝቶ በሚቆይበት ጊዜ ነው። በገጠር ግን ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት የሚጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክሉት ከሆነ እብደቱ እንደታወቀ ይቆጠራል።

ድንጋጌው ሕሙማንን ከጎጂ ውል ለመጠበቅ የታሰበ ነው። ይሁንና የዚያው ሕግ ቁጥር 635 ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ፣ ሚስትን ታዛዥ ያደርግ ስለነበር፣ «አብዳለች» ብሎ በር ለመዝጋት ሥልጣኑ የማን እንደነበረ መገመት አያዳግትም። የባል የበላይነት በሕግ የቀረው በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ በአማራ ክልል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው።

ችግሩ የገጠር ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ኤልሳቤጥ ፓካርድ የተባለች የስድስት ልጆች እናት በሃይማኖት አስተሳሰቧ ከቄስ ባሏ ጋር ባለመስማማቷ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860 የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገብታለች። የግዛቲቱ ሕግ ለሌሎች ሰዎች የሚጠየቀውን ማስረጃ ለባለትዳር ሴት አይጠይቅም ነበር፤ የባል ጥያቄና የማቆያው ኃላፊ ፈቃድ ይበቃ ነበር። ሦስት ዓመት ከቆየች በኋላ በ1864 ጉዳይዋን የሰሙት የዳኝነት ሸንጎ አባላት ጤነኛ መሆኗን ለመወሰን የፈጀባቸው ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ቁጥር 585 ሰውን ከሕግ ውጭ ማገትን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። ድርጊቱ የተፈጸመው በአእምሮ ሕመም የሐሰት ሰበብ፣ በቤተሰብ አባል ላይ ወይም ከ5 ቀን በላይ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

ጉዳዩ በወምበርማ ወረዳ ሽንዲን ለመሳሰሉ አካባቢዎች አስተዳደሮች የሩቅ አይደለም። በቤተሰብ መጠበቅ በራሱ የሴቲቱን ንብረት ለባል ወይም ለወንድም አያስተላልፍም፤ በስሟ የመፈረም ሥልጣንም አይሰጥም። እንዲህ ያለው ሥልጣን የሚገኘው ፍርድ ቤት ክልከላ ወስኖ ሞግዚት ሲሾም ነው። ስለዚህ ለመሬት ኪራይ ውል ቀርቦ «እሷ ታማለች፣ እኔ ልፈርምላት» የሚል ዘመድ ሊጠየቅ የሚገባው የፍርድ ቤት ውሳኔ እንጂ የጎረቤት ምስክር አይደለም።