መላሽ የሌለው ገንዘብ

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛባ። ደንበኛ ሂሳቡ ላይ ካለው በላይ ማውጣትም ማዛወርም የሚቻል ሆነ። አንድ የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ለቢቢሲ እንደነገረው፣ ወሬው ግቢያቸው የገባው ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ይተኛል? ባንኩ ችግሩን እስኪደርስበት ድረስ ወደ 490 ሺህ የሚጠጋ ግብይት ተፈጽሞ 2.4 ቢሊዮን ብር ተንቀሳቅሷል።

ከዚህ ውስጥ የጎደለው ገንዘብ ኋላ ሲጣራ 14 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ በዚያው ወር ሦስት አራተኛው ግድም መመለሱን ተናገሩ። መመለስ የተቻለው መዝገቡ አንድ ቦታ ስላለ፣ እያንዳንዱ ሂሳብም ባለቤት ስላለው ነው። አልመልስም ያሉትን ደግሞ ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን በየቅርንጫፉ በር ላይ ለጠፈ። የሚያስመልስልህ ክፍል ገበናህንም አደባባይ ማውጣት ይችላል ማለት ነው።

ያልተማከለ ዲጂታል ገንዘብ አስመላሹንም አዋራጁንም አስወግጃለሁ የሚል ነው። በእኔ ግምት አስመላሹን በእርግጥ አስወግዷል። ገበናን መሸፈኑ ግን ከወሬው ያነሰ ነው።

በጅማ ዞን ከጎማ፣ ከማናና ከጌራ ወረዳዎች የሚወጣው ቡና ለሀገር ዶላር ያስገባል። የዚያው ቡና አምራች ልጅ፣ ጅማ ከተማ ሰቶ ሰመሮ ቤት ተከራይቶ በኢንተርኔት የዲዛይን ሥራ የሚሠራው፣ ለአንድ ሶፍትዌር የሚከፍለው ጥቂት ዶላር ሲቸግረው፣ ወይም ደንበኛው ከውጭ የሚልክለት ሌላ መንገድ ሲያጣ፣ ፊቱን ዋጋው ከዶላር ጋር ወደታሰረው ዲጂታል ገንዘብ፣ ወደ ዩኤስዲቲ ያዞራል። ግብይቱ ፒቱፒ (ሰው ለሰው) ነው፤ ሻጭና ገዢ በመተግበሪያ ወይም በቴሌግራም ይገናኛሉ። ብሩ በባንክ ወይም በቴሌብር በስም ይተላለፋል፤ ዩኤስዲቲው ከዋሌት (ከዲጂታል ቦርሳ) ወደ ዋሌት ያለ ስም ይሻገራል። ጣጣው ያለው ሁለቱ በሚጋጠሙበት ላይ ነው።

ቀላሉ ማታለያ የሐሰት ደረሰኝ ነው። ብር ገብቷል የሚል የተቀነባበረ ስክሪንሾት ይላካል፤ ሻጩ ሂሳቡን ሳያይ ዩኤስዲቲውን ይለቃል። የባሰው ደግሞ ብሩ እውነተኛ ሆኖ የሌላ ሰው ሲሆን ነው። አታላዩ ሦስተኛ ሰው አሞኝቶ ገንዘቡን በቀጥታ ወደ ሻጩ ሂሳብ ያስልካል፤ ተበዳዩ ሲያመለክት የሚታገደው የሻጩ ሂሳብ ነው።

የዋሌት አድራሻ ላይ ያለውን ተንኮል ብዙ ሰው አያውቀውም። ዩኤስዲቲ ከሚተላለፍባቸው አንዱ በሆነው በትሮን መረብ ላይ ያለ አድራሻ በ«ቲ» የሚጀምር ባለ 34 ፊደልና ቁጥር ነው። ማንም አይሸመድደውም፤ መነሻና መድረሻውን አራት አራት አይቶ ከቀድሞ የዝውውር ዝርዝር ይቀዳል። ሌባውም መነሻና መድረሻው የሚመሳሰል አድራሻ በኮምፒውተር ይፈበርክና ዝርዝሩ ውስጥ እንዲቀመጥ ኢምንት ገንዘብ ይልካል። ከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 አንድ ባለሀብት እንዲህ ባለ ስህተት 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ንብረት ለሌባ ልኳል። አብዛኛው የተመለሰለት ከሌባው ጋር ተደራድሮ ነው። ሌባን ከመለመን ሌላ መንገድ አልነበረም።

እርግጥ የዲጂታል ገንዘብ መዝገብ (ብሎክቼይን) ወደ ኋላ የተመለሰበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 «ዳኦ» ከተባለው ፈንድ 3.6 ሚሊዮን ኢተር (የኢቴሪየም መረብ ገንዘብ) ሲወሰድ የኢቴሪየም ማኅበረሰብ ተማክሮ የመዝገቡን ታሪክ ቀየረ፤ ያልተስማሙት በቀድሞው መዝገብ ቀጥለው መረባቸው ዛሬም ኢቴሪየም ክላሲክ ይባላል። ዩኤስዲቲም ቢሆን አውጪው ኩባንያ ቴተር የፈለገውን አድራሻ ማገድ ይችላል። እንግዲህ ያልተማከለ የምንለው ሁሉ ያልተማከለ አይደለም። አንድ የአጋሮ ከተማ ነጋዴ መቶ ዶላር ቢሰረቅ ግን ማን ይሰበሰብለታል?

ወደ ገበናው እንምጣ። ብሎክቼይን ስም አይጽፍም እንጂ ሁሉንም ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቢትፊኔክስ ከተባለው የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ የተዘረፈው 119,754 ቢትኮይን ከስድስት ዓመት በኋላ ዱካው ተገኝቶ፣ የአሜሪካ መንግሥት ወደ 94 ሺህ የሚሆነውን በቁጥጥሩ ሥር አውሏል። ይህ ለመርማሪ የምሥራች ነው። ግን ያው መዝገብ ለጎረቤትም ክፍት ነው። አንድ ጊዜ ዩኤስዲቲ የሸጥክለት ሰው ስምህን ከባንክ ደረሰኙ፣ አድራሻህን ከዋሌቱ ያገኛል። ሁለቱን ካገናኘ፣ ከዚያ ወዲያ ስልኩን ከፍቶ በዚያ አድራሻ ስንት እንዳለህ፣ መቼ ወዴት እንደላክህ ያያል። ንግድ ባንክ ግን ሂሳብህን ለጎረቤት አያሳይም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ መረጃዬ ይሰረዝልኝ የማለት መብት ቢሰጥም፣ ብሎክቼይን ላይ የተጻፈውን የሚሰርዝ ኃላፊ የለም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ ከሩቅ ሀከር ይልቅ ያስፈራኛል።

መንግሥትስ? ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በእንዲህ ያለው ዲጂታል ገንዘብ (በክሪፕቶ) መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን፣ የሀገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር ብቻ መሆኑን አስታወቀ። በጥቂት ወራት ውስጥ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በዘርፉ የተሰማሩ እንዲመዘገቡ ጠራ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ለቢትኮይን «ማዕድን አውጪዎች» (በኮምፒውተር ቢትኮይን ለሚያመነጩ)፣ በብዛት ለቻይና ኩባንያዎች፣ መብራት በዶላር መሸጥ ጀመረ። ከጅማ ሩቅ ያልሆነው የግልገል ጊቤ ግድብ ኃይልም የሚገባው በዚያው የመብራት መረብ ውስጥ ነው።

በዚህ መሃል የተዘረፈው ወጣት ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ፣ የመጀመሪያ ቃሉ ሕገ ወጥ የተባለ ግብይት ፈጽሜያለሁ የሚል ይሆናል። ስለዚህ አይሄድም፤ አታላዩም እንደማይሄድ ያውቃል። ማዕድን አውጪውን መዝግቦ መብራት የሚሸጥለት መንግሥት፣ ግብይቱ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው እስኪለይለት ድረስ እንኳ፣ የተሰረቀ ሰው ሳይከሰስ የሚያመለክትበት አንድ መስኮት ሊከፍት ይችላል።