ባለሥልጣንን በዳኛ ፊት ማቆም

ከመርሳ፣ ከሀብሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ተነሥቶ በወልድያ ወደሚያስችለው የሰሜን ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባው ሰበር ሰሚ ችሎት በሚዘልቀው የሙግት ጎዳና ላይ፣ ገበሬ ከገበሬ ጋር ስለ ድንበር፣ ወንድም ከእኅቱ ጋር ስለ ውርስ ሲከራከር ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ተከሳሹ መንግሥት ራሱ በሆነ ጊዜ ግን፣ የዳኛው ሹመትም የሚፈርድበት ሕግም ከዚያው ከመንግሥት የሚመነጩ ናቸውና፣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

በፍትሐ ነገሥት ስለ ዳኞች የሚናገረው 43ኛው አንቀጽ ስለ ነገሥታት ከሚናገረው ከ44ኛው አንቀጽ ቀድሞ መቀመጡ ሁልጊዜ ያስደስተኛል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ የፈቀደው ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብን መብት ሲሆን፣ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከዚያ አልፎ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ሹም ያለ አግባብ የበደለው ሰው በፍርድ ቤት ሊከስ እንዲችል ደነገገ። አቤት ባይ የሹሙን በጎ ፈቃድ ደጅ ይጠናል፤ ከሳሽ ግን መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበትን ባለጋራ በችሎት ያቆማል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለዳኞች አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 13ም መሠረታዊ መብቶችን ማክበርና ማስከበር የፍርድ ቤቶችም ጭምር ግዴታ እንደሆነ ከደነገገ በኋላ፣ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎምን ሥልጣን ግን 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ለሚያግዘው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጠ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ዳኞች «ሕገ መንግሥት» የሚለው ቃል በክርክሩ መካከል በተነሣ ቁጥር መዝገቡን ከእጃቸው ለማውጣት ይፈጥናሉ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍን ሲያግዱ፣ የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ እገዳውን በመቃወም ወደ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቢሄድም፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለአጣሪ ጉባኤው መራው፤ ጉባኤውም እገዳው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ።

አሰፋ ፍሥሐንና ዮናታን ተስፋዬን የመሰሉ የሕግ ሊቃውንት የፍርድ ቤቶች ድርሻ የት ላይ እንደሚያበቃ በስፋት ጽፈዋል። ከክርክሩ ሁሉ እጅግ ብርቱ ሆኖ የሚታየኝ በአንቀጽ 84 ላይ የተመሠረተው ነው፤ ይህ አንቀጽ ወደ ጉባኤው እንዲላክ የሚያዝዘው አንድ የፌዴራል ወይም የክልል ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ሲባል ነውና፣ ሹም በፈቃዱ የፈጸመውን ድርጊት ግን ዳኛው ራሱ መርምሮ ብያኔ እንዳይሰጥ የሚከለክለው ነገር የለም። ወረዳ ያለ ፍርድ ያሰረውን ሰው ነፃ ለማውጣት የአጣሪ ጉባኤን ምክር መጠበቅ እንደማያሻ፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አካልን ነፃ ስለ ማውጣት አቤቱታ በ177ኛው ቁጥር የደነገገው ይመሰክራል።

ለሀብሩ ገበሬ ይህ ሁሉ በመሬቱ ይፈተናል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ ለሚዘረጋው 392 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ የሚሆን መሬት ከባለይዞታዎች መወሰድ ነበረበት፤ ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ዘመን ወደ ፍርድ ቤት የሚደርሰው ክርክር በካሣው መጠን ላይ ብቻ የተወሰነ ሲሆን፣ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን በማስለቀቂያው ትእዛዝ ላይ አቤቱታ የሚሰማ አካልና የይግባኝ ጉባኤ አቋቁሞ፣ ከእነርሱ በኋላ የፍርድ ቤትን በር ከፈተ። የአስተዳደር ውሳኔን ፍርድ ቤት እንዲመረምር የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ግን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን የሚገዛ ነውና፣ መርሳ ላይ የገበሬው የዘወትር ባለጋራ የሆነውን የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አይነካውም። ለዚህ ሰው የሚያሻው የክልሉ ሕግ ነው።

ሕጉ ቢኖርም እንኳ ባለጉዳዩ በሚገባው ቋንቋ ሊብራራለት ያሻል። የሰበር ችሎቱ አስገዳጅ ትርጓሜዎች በአማርኛ ታትመው ለዳኞች ሲደርሱ፣ በእነርሱ ላይ የተጻፈው የሊቃውንት ትችት ግን አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲራዘም፣ ባለሙያዎች በአጣሪ ጉባኤው ፊት ሐሳባቸውን በቴሌቪዥን ሲያስረዱ ሕዝቡ ሰምቶ ተረድቷል፤ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚያስተምሩ ምሁራንም በጎረቤታቸው በመርሳ ችሎት የሚሰጡትን ፍርዶች መርምረው ለባለጉዳዩ በሚገባው በአማርኛ ቢጽፉለት፣ ገበሬው ዳኛውን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ዳኛውም እስከ የት ድረስ ሥልጣን እንዳለው ከአንድ ገጽ ላይ ባነበቡ ነበር።