ጥርኝ ውኃዋ ምን አደረገች?

የካቲት 16 ቀን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት ገና ጎሕ ሳይቀድ በነጠላ ለባሽ ይሞላል። የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነውና። ነዳያን በመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው «ስለ ኪዳነ ምሕረት» ይላሉ፤ ምእመኑም አንዱ ብር፣ አንዱ ዳቦ እየሰጠ ሽቅብ ይወጣል። በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ በሌሎች አድባራት በዚህ በዓል ሰሞን የበላዔ ሰብእ ታሪክ ከሰባኪው አፍ አይጠፋም። ሰው የሚድነው በእግዚአብሔር ጸጋ ነው ወይስ በሠራው በጎ ሥራ? ለሚለው የቆየ ጥያቄ ከዚህ ታሪክ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። እንደዚህ ታሪክ ያለ አለቦታው የሚጠቀስም አላውቅም።

ታሪኩ የተአምረ ማርያም ነው። ቅምር በሚባል አገር ይኖር የነበረ አንድ ሰው ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ነፍስ በላ። ከዕለታት አንድ ቀን ገላውን ቁስል የወረሰው፣ ውኃ ጥም ያቃጠለው ድኻ መንገድ ላይ አገኘ። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው አልሰማም፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ልቡ ራራና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሞቶ ለፍርድ በቀረበ ጊዜ በአንዱ ሚዛን የበላቸው ነፍሳት፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውኃ ተቀመጡ። ሚዛኑ ወደ ነፍሳቱ አጋደለ። እመቤታችን ስለ እርሱ ለምና ጥላዋ በውኃዋ ላይ ባረፈ ጊዜ ግን ውኃዋ መዘነች፤ ሰውየውም ተማረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት ስሕተት ይዞ ይሄዳል። አንደኛው «78 ሰው የበላው እንኳ በጥርኝ ውኃ ጸድቋል» እያለ ዓመቱን እንዳሻው ይኖርና በበዓሉ ቀን ለነዳይ አንድ ብር ጥሎ ሒሳቡን የዘጋ ይመስለዋል። ሁለተኛው «ይኸው፤ ኦርቶዶክስ የምታስተምረው በሥራ መዳንን ነው፤ ያውም እፍኝ በማትሞላ ውኃ» ብሎ ይነቅፋል። ሁለቱም ያለፉት አንድ ነገር አለ፤ ውኃዋ ብቻዋን በሚዛን ላይ በወጣች ጊዜ ተሸንፋለች። ሰውየው በሥራው ብቻ ቢመዘን ኖሮ የጠፋ ነበር። ሚዛኑን ያዞረው ምሕረት ነው። ያም ሆኖ ምሕረቱ የወረደው በባዶ ሚዛን ላይ አልነበረም። ጥርኝም ብትሆን የሰጣት ውኃ ነበረች።

ሊቃውንቱ በቃል የሚያወርዱት የዚህ ታሪክ መነሻ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። በላዔ ሰብእ አስቀድሞ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር ይባላል። ሰይጣን ሦስት እንግዶች መስሎ ከቤቱ ገባና ልጁን አርዶ እንዲያቀርብ ጠየቀው። እርሱም ከእግዚአብሔር የታዘዘ መስሎት አረደ፤ ቀምሰህ ስጠን ሲሉትም ቀመሰ። ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ አብርሃም በይስሐቅ ላይ ሊያደርገው ከነበረው ምን ይለያል? እንግዳ መቀበሉ አለ፤ ለትእዛዝ መታዘዙ አለ፤ የሚወዱትን ለመስጠት አለመሰሰቱ አለ። ሥራው የጽድቅ ሥራ መስሎ ሳለ ሰውየውን አጠፋው። ታሪኩን የፈጠረው ወይም ያቆየው ሰው በሥራ ብዛት መጽደቅን ለመስበክ አስቦ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ መነሻ አይሰጠውም ነበር።

አብርሃም በዚህ ክርክር ውስጥ መግባቱም እንዲሁ የሆነ አይደለም። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 4ኛ ምዕራፍ ሰው በእምነት እንደሚጸድቅ ሲያስረዳ አብርሃምን ይጠራል፤ ያዕቆብም በመልእክቱ 2ኛ ምዕራፍ ሰው የሚጸድቀው በእምነት ብቻ እንዳልሆነ ሲያስረዳ ያንኑ አብርሃምን ይጠራል። በችኮላ ለሚያነብ ሁለቱ ሐዋርያት የተጣሉ ይመስላል። ነገር ግን ጳውሎስ የሚጠቅሰው ዘፍጥረት 15ን ነው፤ ይስሐቅ ገና አልተወለደም፤ አብርሃም ተስፋውን ሰምቶ አመነ። ያዕቆብ የሚያነሣው ዘፍጥረት 22ን ነው፤ ልጁ አድጎ እንጨት ተሸክሞ ተራራ የሚወጣበት ጊዜ ደርሷል። በመካከሉ ብዙ ዓመት አለ። ጳውሎስ የሚከራከረው ግዝረትንና የኦሪትን ሥርዓት እንደ መብት ይዘው አሕዛብን ከደጅ ከሚያስቆሙት ጋር ነው። ያዕቆብ የሚቆጣው የተራበውን ወንድሙን «በደኅና ሂድ» ብሎ በባዶ ሆዱ በሚያሰናብት አማኝ ላይ ነው። ተከራካሪያቸው የተለያየ ስለሆነ ንግግራቸውም ተለያየ። ጳውሎስ ራሱ በኤፌሶን 2 መዳን የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ ሰው የሚመካበት ሥራ አለመሆኑን በተናገረ ማግሥት፣ በዚያው ምዕራፍ 10ኛ ቁጥር፣ የተፈጠርነው ለበጎ ሥራ መሆኑን ይጨምራል። ብዙ ጥቅስ ቆጣሪ 9ኛው ላይ ያቆማል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ የምታምነውን ለማወቅ ወፍራም መጽሐፍ ከመግለጥ በፊት የክርስትና ሥርዓቷን ማየት ይበቃል። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ በዚያው ዕለት ሜሮን ተቀብታ ሥጋና ደሙን ትቀበላለች። የ80 ቀን ሕፃን ጾማ፣ መጽውታ፣ ሰግዳ አታውቅም። የልጅነት ጸጋ የሚሰጣት ምን ሠርታ ነው? ምንም። ጸጋው ይቀድማል ማለት ይህ ነው። ጾሙ፣ ስግደቱ፣ ምጽዋቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተሰጣትን ጸጋ ይዛ እንድትኖርበት፣ ብታጎድፈውም በንስሐ እንድትመለስ። የንስሐ አባት የሚሰጠው ቀኖናም እንደ መቀጮ ቢቆጠር ስሕተት ነው። ሰባት ቀን ጾሞ አርባ አርባ የሰገደ ሰው የኃጢአቱን ዋጋ ከፍሎ አልጨረሰም፤ ዋጋው በመስቀል ተከፍሏል። ቀኖናው የታመመውን ልማድ የሚያክም መድኃኒት ነው። ይህን የሚያስተምሩ አባቶች ብዙ ናቸው፤ እንደ መቀጮ የሚቀበለው ምእመን ግን ከእነርሱም ይበዛል። ነቀፋው የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ክፍተት ነው።

መድኃኒት ካልን እንጦጦ ራሱ ያየው አንድ ጉዳይ አለ። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው ብዙ ሰዎች ይመጡ ነበር፤ በአካባቢው ቤት ተከራይተው ለሳምንታትና ለወራት የሚቆዩም ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር ጥያቄ መጣ። መድኃኒት የሚውጥ ሰው በጸበሉ አላመነም ማለት ነው? እንዲህ ብለው መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውንና አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በይፋ ተናገሩ። ስለ ነፍስ መዳን በሚደረገው ክርክር ውስጥም ተመሳሳይ ስሕተት ተሸሽጓል ብዬ አምናለሁ። የእግዚአብሔርን ሥራ ከፍ ለማድረግ የሰውን እጅ ማሰር ያስፈልጋል የሚል ስሕተት ነው። ፊልጵስዩስ 2 ላይ ጳውሎስ ምእመናኑ የራሳቸውን መዳን በፍርሃት እንዲፈጽሙ አዝዞ፣ ወዲያውም በእነርሱ ውስጥ የሚሠራው እግዚአብሔር መሆኑን ይነግራቸዋል። ሁለቱን እኩል አልከፈላቸውም፤ ይህን ያህል የእርሱ፣ ይህን ያህል የእናንተ አላለም።

«በጸጋ ብቻ፣ በእምነት ብቻ» የሚለው አነጋገር መልክ የያዘው በአውሮፓ ነው። ማርቲን ሉተር በ1517 እ.ኤ.አ. 95 ነጥቦቹን ያወጣው የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ ወረቀት በገንዘብ ሲሸጥ አይቶ ነው። የሮም ቤተ ክርስቲያን በ1547 በትሬንት ጉባኤ መልስ ሰጠች። በመካከሉ፣ በ1534፣ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከባልንጀራው ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል፤ ሉተርም በእምነቱ ተደስቶ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ሰጥቶታል። ሁለቱ በሁሉ ነገር ተስማሙ ማለት አይደለም፤ የሚሸጥ ወረቀት ያልነበራት ቤተ ክርስቲያን ልጅ ግን ከሉተር ጋር የሚጣላበት ያ ምክንያት አልነበረውም። በአውሮፓ የተጀመረው ጠብ በ1999 እ.ኤ.አ. አውግስበርግ ላይ ረገብ ብሏል። የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በጸጋ ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የዚህ ፌዴሬሽን አባል ናት።

«ወንጌላውያን ሥራ አያስፈልግም ይላሉ» የሚለው ነቀፋም ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጋር አይገጥምም። በ1964 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ ለፌዴሬሽኑ አንድ ደብዳቤ ላከች፤ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የውጭ ረጂዎች ገንዘባቸውን ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለእርሻ ይሰጣሉ፤ ለስብከት ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ደብዳቤው ሰውን ለሁለት መክፈሉን ተቃወመ፤ ወንጌል የሚሰበክለትም የሚራበውም ያው አንድ ሰው ነውና። በጸጋ ብቻ መዳንን የሚያስተምር ሰው ይህን ሲጽፍ ሥራን የመዳን ዋጋ ማድረጉ አልነበረም። በእነርሱ አነጋገር ሥራ የእምነት ፍሬ ነው። ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገድለዋል።

ታዲያ በኦርቶዶክሱና በወንጌላዊው መካከል ልዩነት የለም? አለ፤ ሰው ከሚያስበው ቦታ ላይ ግን አይደለም። ሁለቱም ወገን የክርስቶስን ቤዛነት ይቀበላል፤ ሁለቱም ድኻ መርዳትን ያስተምራል። የሚለያዩት በመጀመሪያ በአማላጅነት ነው። የበላዔ ሰብእን ሚዛን ያዞረው ምሕረት በእመቤታችን ልመና በኩል መምጣቱን ወንጌላዊው አይቀበልም። ኦርቶዶክሱ ደግሞ የካቲት 16 ክርስቶስ ለእናቱ ቃል ኪዳን የሰጠበት ቀን ነው ብሎ ያምናል፤ ለእርሱ ልመናዋ ከልጇ ጸጋ የሚፎካከር ሌላ ምንጭ አይደለም። ይህን ልዩነት በአንድ ጽሑፍ መፍታት አይቻልም፤ የጸጋና የሥራ ልዩነት ነው ብሎ መጥራቱ ግን ያደናግራል። የሚቀጥለው ልዩነት የጊዜ ነው። በሚኒባስ ውስጥ «ጌታን ተቀብለሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት «አዎ፣ ድኛለሁ» የሚል መልስ ይጠብቃል። ኦርቶዶክሳዊው አያቱ ያንኑ ቢጠየቁ «እሱ ይማረኝ» ይላሉ። ወጣቱ ይህን ጥርጣሬ አድርጎ ይሰማዋል፤ አያቱ ደግሞ የወጣቱን መልስ ትዕቢት አድርገው ይሰሙታል። ወጣቱ የሚናገረው ስለ ተፈረደለት ፍርድ ነው፤ አያቱ የሚናገሩት ገና ስላልጨረሱት ጉዞ ነው።

ይህ ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚታየው በለቅሶ ቤት ነው። በአንዱ ድንኳን «ነፍስ ይማር» ይባላል፤ በሌላው «ወደ ጌታ ሄዷል»። ኦርቶዶክሱ ፍትሐት ያስደርጋል፤ በ40ና በ80 ቀን፣ በሙት ዓመትም ተዝካር ያወጣል። ወንጌላዊው የሟች ጉዳይ በእምነቱ ተቆርጧል ስለሚል ይህን አያደርግም። እዚህ ላይ ለኦርቶዶክስ ወገኖቼ አንድ የሚመር ነገር አለኝ። ተዝካር የታሰበው ድኻ በሟቹ ስም እንዲበላ ነው። ዛሬ ግን በብዙ ቤት ድኻው ከአጥር ውጭ ፍርፋሪ ሲጠብቅ ጎረቤትና ዘመድ ከድንኳን ውስጥ ክትፎ ይበላል፤ ቤተሰቡም ከሰው ላለማነስ ተበድሮ ዓመት ሙሉ ዕዳ ይከፍላል። የድግሱ ማማር ለሟች ነፍስ የሚጨምረው ነገር እንዳለ የሚያስተምር ሥርዓት ቤተ ክርስቲያኒቱ የላትም። በላዔ ሰብእ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነበር፤ የሰጠውም ለተጠማ ሰው ነበር። ተበድሮ ከሚደገስ ድግስ ይልቅ ለጥቂት ነዳያን እንጀራ በወጥ ቢታደል ተዝካሩ አይጎድልም፤ ካህኑም ፍትሐቱን ድግሱን አይቶ አያሳጥረውም።