የእንሰት አጠውልግ በሽታ በተክሉ አካል ውስጥ እንዴት ይዛመታል?

በጌዴኦ ደጋ በቡሌ አንድ እንሰት መጠውለግ ሲጀምር ገበሬው በቸልታ ሊያልፈው አይገባም፤ የብዙ ዓመት ድካም ነውና። የበሽታው መንስኤ በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 (እ.ኤ.አ.) በእንሰት ላይ ለይተው አሳውቀውታል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በኡጋንዳ ሙዝ ላይ የታየውም ይኸው ነው።

ባክቴሪያው ወደ ተክሉ የሚገባው በቁስል ነው። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ያሻግራል። ከገባ በኋላ ውኃ በሚያመላልሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ተራብቶ ይዘጋቸዋል። ስለዚህ መሬቱ ረጥቦ ሳለ ተክሉ ይጠማል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠወልገው የመሐል ቅጠል ሲሆን፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። የቅጠሉ አገዳ ሲቆረጥ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል፤ ከድርቅ የምንለየውም በዚህ ነው። በመጨረሻ አሚቾው ይበሰብሳል፤ ቆጮም ቡላም አይገኝም።

የሚፈውስ መድኃኒት የለም። አንዳንዶች የጠወለገውን ቅጠል ብቻ ይቆርጣሉ። በሽታው ግን በቱቦዎቹ ውስጥ ስላለ ትርፉ ቢላዋውን መበከል ነው። ይልቅስ የታመመው ተክል ከነአሚቾው ተነቅሎ በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀበር፣ ቢላዋውም ጤነኛውን ከመንካቱ በፊት በእሳት እንዲግል እንመክራለን። ከብቶችም የታመመውን ቅጠል እንዳይበሉ መከልከል ያስፈልጋል።