የወጣቶች የሕይወት ዓላማና የመማሪያ ቋንቋ

«የምኖረው ለምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ወጣት በመጀመሪያ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው ከቤተሰቡ የወረሰው ነው። የሥነ ልቡና ሊቁ ጄምስ ማርሺያ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎችን ስለ ሥራ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ ጠይቆ፣ መርምሮ ያመነውን ሳይመረምር ከተቀበለው ለይቷል። ሁለቱም በአቋማቸው የጸኑ ይመስላሉ፤ ለመልሱ ሲሉ ግን የተጨነቁት የመጀመሪያዎቹ ብቻ ናቸው።

ይህ መለኪያ ወደ እኛ አገር ሲመጣ የቋንቋን ጉዳይ መጨመር ግድ ይሆናል። በአዊ ዞን፣ በግምጃ ቤት አካባቢ በአገውኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ልጅ ስለ ሞት፣ ስለ ዕድልና ስለ ጉርብትና ግዴታ የሰማው በአገውኛ ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱንም የሚጀምረው በዚሁ ቋንቋ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ፣ ማለትም አጥብቆ መጠየቅ በሚጀምርበት ዕድሜ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ወጣት ከወላጆቹ ዐይን ርቆ ማታ ከጓደኞቹ ጋር የሚከራከረው በአፍ መፍቻው ነው፤ በማግሥቱ በክፍል የሚጽፈው ግን በቃሉ ያጠናውን ዐረፍተ ነገር ነው። መምህሩም ይህን እንደ ተማሪው አቋም ቈጥሮ ያርመዋል። በእኛ አስተያየት የታረመው የማስታወስ ችሎታው ነው።

ስለሆነም የዜግነት ትምህርት መምህራን ተማሪው በመጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲከራከር፣ ቀጥሎም የማይስማማበትን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ አስተካክሎ እንዲያቀርብ ቢያደርጉ ይበጃል። ለዚህም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤ ነጥብ ግን አይሰጥበትም።