«ደኅና ነህ?» ብሎ መለካት፦ ስለ ተማሪዎቻችን የሥነ ልቦና ጥናትና ስለ መጠይቆቻችን አማርኛ



በየዓመቱ ከሚያዝያ ጀምሮ ጠረጴዛዬ በመመረቂያ ጥናት ረቂቆች ይሞላል። ርእሶቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ ብቸኝነትና የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም፣ ለራስ የሚሰጥ ግምትና የትምህርት ውጤት፣ የፈተና ጭንቀት፣ የፍቅር ግንኙነትና የሕይወት እርካታ። ተደጋገሙ ብዬ አላማርርም፤ ወጣት የሚጠይቀው የሚኖረውን ነውና። ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ከርእሱ ቀጥሎ ስለሚመጣውና ብዙውን ጊዜ በአንድ ሌሊት ስለሚጠናቀቀው ሥራ ነው፤ ይኸውም መጠይቁን ወደ አማርኛ መመለስ ነው።

አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተማሪው አንድ የታወቀ መለኪያ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965 ያወጣው የለራስ ግምት መለኪያ ሊሆን ይችላል፤ ኤድ ዲነርና ባልደረቦቹ በ1985 ያሳተሙት አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው የሕይወት እርካታ መለኪያም ሊሆን ይችላል። (ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከዚያ ይተረጎማል፣ ይባዛል፣ በመኝታ ክፍሎችና በመማሪያ ክፍሎች ይታደላል፣ ቁጥሩ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። የክሮንባክ አልፋ ከ0.7 ካለፈ መለኪያው አስተማማኝ ነው ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን አልፋ የሚነግረን ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን እንጂ የፈለግነውን ነገር መለካታቸውን አይደለም። አሥር ጥያቄዎች በአንድ ዓይነት ስሕተት ቢሳሳቱ አልፋቸው ያማረ ይሆናል።

ከሰላምታችን ልነሣ። «ደኅና ነህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ልጁ ታሞበት፣ ቤት ኪራይ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ መልሱ ግን ያው ነው። ይህ ውሸት አይደለም። ምስጋና ነው፤ ስለ ኑሮው የቀረበ ሪፖርት አይደለም። እንግዲህ ለዚሁ ሰው በሕይወቱ ምን ያህል እንደሚረካ ከ1 እስከ 7 ባለው ቁጥር እንዲያከብብ ወረቀት ስንሰጠው፣ ያከበበው 6 እርካታው ነው ወይስ ምስጋናው? አንዳንድ ተማሪዎች በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርተው ወጣቱ ደስተኛ ነው የሚል መደምደሚያ ጽፈውልኛል። ከመላሾቹ ሁለቱን ሻይ ጋብዘው ቢያነጋግሯቸው ኖሮ እንዲህ ባልደመደሙ ነበር።

እኔም በመጀመሪያ ዲግሪ ጥናቴ የከፋ ስሕተት ፈጽሜአለሁ። ጥናቴ ስለ ተማሪዎች ግንኙነትና ብቸኝነት ነበር፤ መጠይቄም «ጓደኛ አለህ/ሽ?» የሚል ጥያቄ ነበረው። በልቤ ይዤው የነበረው የፍቅር ጓደኛ ነው። አንዳንዱ መላሽ እንደ እኔው ተረዳው፤ ሌላው ግን አብሮት የሚያጠና፣ አብሮት የሚበላ ወዳጅ መሰለው። አንድ መላሽ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ስንቱን ልንገርህ?» ብሎ ጽፎልኛል። ማስታወሻውን እንደ ቀልድ ቆጥሬ አለፍሁት። ጥናቴን ባቀረብሁበት ዕለትም የፍቅር ግንኙነት ከብቸኝነት ጋር አይዛመድም ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርሁ። ከገምጋሚዎቹ አንዱም «ጓደኛ ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም።

አሉታዊ ዓረፍተ ነገሮችም ራሱን የቻለ መከራ ናቸው። የሮዘንበርግ መለኪያ ካሉት አሥር ዓረፍተ ነገሮች አምስቱ በአሉታዊ መልክ የቀረቡ ናቸው፤ ሰው ሳያነብ ዝም ብሎ «እስማማለሁ» እንዳይል ታስቦ ነው። በእኛ ቋንቋ ግን «ምሳ አልበላህም?» ሲባል «አዎ» ብሎ የሚመልሰው አለመብላቱን ሲያረጋግጥ ነው። እኔው በፈጠርሁት ምሳሌ ልግለጸው፦ «ከሰው የማንስ አይመስለኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር አጠገብ «አልስማማም» የሚል ሳጥን ቢቀመጥ፣ ሳጥኑ ላይ ምልክት ያደረገው ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው ከፍ አድርጎ? እናንተም ለአፍታ ማሰብ ግድ ሆኖባችኋል። መላሹ ደግሞ ሃምሳ ጥያቄ ቀርቶታል፤ ምሳ ሰዓትም ደርሷል። በኋላ አልፋው ሲወርድ ተማሪው እነዚያን ዓረፍተ ነገሮች ይሰርዝና ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ይህን ስንት ጊዜ ፈርሜ እንዳሳለፍሁ ባልናገር ይሻለኛል።

ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። «ድብርት» የሚለውን ቃል የሕክምናውን ሕመም እንዲወክል አድርገን በመማሪያ መጻሕፍት አስገብተነዋል። የከተማ ወጣት ግን መምህር ሲዘገይበት፣ መብራት ሲጠፋበት «ደበረኝ» ይላል። ወደ ገጠር ስንወጣ ደግሞ ያው ሕመም ያለባት እናት «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ትላለች፤ ወይም ራሷን እንደሚያማት፣ እንቅልፍና ምግብ እንደ ራቃት ትናገራለች እንጂ ቃሉን ላታነሣው ትችላለች። ስለዚህ አንዱ ጥያቄ ለአንዱ እጅግ ቀላል፣ ለሌላው እጅግ ሩቅ ይሆናል።

ይህ የእኔ ስጋት ብቻ አይደለም። የኤዲንብራ የድኅረ ወሊድ ድብርት መለኪያ በስኮትላንድ ተዘጋጅቶ በ1987 የታተመ፣ አሥር ጥያቄ ያለው ነው። አዘጋጆቹ እንደ ድካም ያሉ የአካል ምልክቶችን ሆን ብለው አስቀርተዋቸዋል፤ ያለ ሕመምም በወለደች ሴት ላይ ይታያሉና። ይህ መለኪያ በገጠር ቡታጅራ ተፈትሾ በ2008 ውጤቱ ሲታተም ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት ጭምር «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚያሰኙ 20 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ የተሻለ ሆነ። በ2010 በታተመ ሌላ ጥናት ግን ያው የኤዲንብራ መለኪያ በአዲስ አበባ እናቶች ዘንድ ተቀባይነት ያለው ውጤት አሳይቷል። የሁለቱ ቦታዎች ርቀት በመኪና ግማሽ ቀን አይሞላም። በእኔ ግምት ልዩነቱን ያመጣው ትምህርት ቤት የገባ ጆሮ ነው፤ ስሜትን በአራት ደረጃ ከፋፍሎ መመለስ የሚለመደው እዚያ ነውና።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን «የተተረጎመውን መልሰን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመናል» ይሉኛል። መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። «ድብርት» ተመልሶ ሲተረጎም ያለ አንዳች ስሕተት የመጀመሪያው ቃል ይሆናል፤ ሁለቱም ተርጓሚዎች ያነበቡት አንድ መጽሐፍ ነውና። የሚበጀው መላሽ ከሚሆኑት ሰዎች አሥሩን አንድ በአንድ አስቀምጦ «ይህ ጥያቄ ምን የሚልህ መሰለህ? በራስህ አነጋገር ንገረኝ» ማለት ነው። ሁለት ከሰዓት በኋላ ይፈጃል። እኔ አድርጌው ቢሆን ኖሮ «ጓደኛ» በመጀመሪያው ሰዓት ይጋለጥ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ደወለችልኝ። የሰበሰበቻቸውን ቅጾች ወደ ኮምፒዩተር እያስገባች ነበር። የተጠቀመችበት በ2001 በአሜሪካ የታተመው፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚጠይቀው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መለኪያ ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይመለሳል፣ ጠቅላላው 27 ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘትና ራስን ስለ መጉዳት ይጠይቃል። በአንዱ ቅጽ ላይ 3 ተከብቦ ነበር፤ በየቀኑ ያህል ማለት ነው። ቅጹ የተሞላው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ስም የለውም፤ ስም እንዳይኖረው ቃል የገባነው እኛው ነን፤ የፈቃድ ቅጹ ላይ የፈረምሁትም እኔ ነኝ።

«ምን ላድርግ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። በማግሥቱ ቅጹ በታደለባቸው ክፍሎች ሁሉ ከአማካሪው ጋር እየዞርን የቢሮውን ቦታና ሰዓት፣ መምጣት የፈለገ ስሙን ለማንም መናገር እንደማያስፈልገው ለሁሉም ተናገርን። የመጡ ነበሩ። እነማን እንደ ሆኑ አማካሪው አልነገረንም፤ ትክክልም ነበር።

ስለ ጉዳዩ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ እንደማይፈጥር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ስለዚህ ጥያቄውን ከመጠይቁ አውጡት አልልም። ጥፋታችን ጠይቀን መልሱን ለሁለት ሳምንት ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጣችን ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ የያዘ ረቂቅ ሲመጣልኝ ቅጾቹ በተሞሉበት ዕለት የሚያያቸው ማን እንደ ሆነ እጠይቃለሁ። «3» ከተገኘ ምን እንደሚደረግ፣ የስም ምስጢርነትም እስከ የት እንደሚዘልቅ ለመላሹ አስቀድሞ እንዲነገረው አደርጋለሁ። ሁሉም ተቀድዶ በመላሹ እጅ የሚቀር አንድ ገጽ ሊኖረው ይገባል፤ የአማካሪው ቢሮ የሚገኝበት ሕንፃ፣ ክፍሉ፣ ሰዓቱና ስልኩ የተጻፈበት።

ዘንድሮ ከደረሱኝ ረቂቆች ያንን ገጽ ያገኘሁት በሦስቱ ውስጥ ብቻ ነው። ሌሎቹን መልሼአለሁ፤ ባለቤቶቻቸው ከመካከላችሁ እንዳሉ አያለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።